ትኬቱን ስልኬ ዋጠው

የአንባቢያን ጥያቄ፣ የቀድሞ ትኬት ቀዳጅ መልስ

ዘጠኝ ዓመት ስታዲየም በር ላይ ቆሜ ትኬት ተቀብያለሁ። መጀመሪያ ላይ ሥራዬ መቅደድ ነበር። ወረቀቱን እቀበላለሁ፣ ጫፉን ቀደድ አደርጋለሁ፣ ትልቁን ቁራጭ ለባለቤቱ መልሼ «መልካም ጨዋታ» እላለሁ። የቀደድኳት ጫፍ ወገቤ ላይ ወዳንጠለጠልኳት ከረጢት ትገባለች። ኋላ ስካነር ሰጡን። ሰው ስልኩን ያቀርባል፣ ማሽኑ ጢጥ ይላል፣ ሰውየው ያልፋል። የመጀመሪያው የስካነር ቀን ማታ ከሥራ ስወጣ ከረጢቷን እንደ ልማዴ ለማራገፍ ገለበጥኳት። ባዶ ነበረች።

ባለፈው ወር እዚሁ አምድ ላይ ስለ ድሮ ትኬቶቼ ሁለት መስመር ጣል ባደርግ ደብዳቤ ጎረፈ። ስለ መኪና ኢንሹራንስና ስለ ግሪን ካርድ የጠየቃችሁ አትቀየሙኝ፤ ተራችሁ ይደርሳል። የዛሬው የትኬት ነው።

ጥያቄ፦ አባቴ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን መጥተው አምስት ወር ቆዩ። 74 ዓመታቸው ነው። ልጄ የበረዶ ሆኪ እብድ ስለሆነ አንድ ምሽት ሦስታችን ዋሽንግተን መሀል ካፒታል ዋን አሬና ሄድን። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 4 ቀን 2025 ነበር፤ የዋሽንግተኑ ተጫዋች አሌክሳንደር ኦቬችኪን 894ኛ ጎሉን ያገባበት ምሽት። አባቴ ያቺ እንደ ኳስ የሚመቷት ጥቁር ነገር የት እንዳለች እንኳ አላዩም። ግን ሰው ሲነሳ ተነሡ፣ ሰው ሲጮህ ጋቢያቸውን አውለበለቡ። ቤት ስንገባ «በይ ትኬቴን ስጪኝ» አሉኝ። ስልኬን አሳየኋቸው። ትንሽ አዩትና «ይሄማ ያንቺ ስልክ ነው» አሉ። አሁን አገር ቤት ገብተዋል። በደወልኩ ቁጥር ይጠይቁኛል። ወረቀቱን ከየት ላምጣላቸው?
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ እህቴ፣ አባትሽ እውነታቸውን ነው። ጎረቤት ሲመጣ ከኪሳቸው አውጥተው የሚያሳዩት ነገር ነው የፈለጉት። ስልክሽን ይዘው አይሄዱ ነገር!

ምሽቱም ተራ ምሽት አልነበረም። 894 በሰሜን አሜሪካው የሆኪ ሊግ ዌይን ግሬትስኪ ለዓመታት ብቻውን የያዘው የጎል ሪከርድ ነው። ኦቬችኪን ያን ቀን በቺካጎ ቡድን ላይ ሁለት አግብቶ እኩል ሆነ። ከሁለት ቀን በኋላ ኒውዮርክ ሄዶ 895ኛውን ጨመረና አለፈው። አባትሽ ሳያውቁት ታሪክ ሲሠራ አጨብጭበዋል።

በመጀመሪያ ያለፈውን እንይ። ኢሜይልሽን ክፈቺና የግዢ ማረጋገጫውን ፈልጊ። የትእዛዝ ቁጥሩን፣ ሴክሽኑን፣ ረድፉንና ወንበሩን ጻፊ። ከዚያ የክለቡን ትኬት ቢሮ ደውለሽ «ሱቬኒር ቲኬት» ታትማላችሁ ወይ ብለሽ ጠይቂ። ቃሉን እንዳትረሺው። «ትኬቴን በወረቀት ስጡኝ» ካልሽ «እኛ ዘንድ ሁሉም በስልክ ነው» ብለው ይሸኙሻል። «ሱቬኒር» ስትይ ግን መግቢያ ሳይሆን ማስታወሻ እንደምትፈልጊ ይገባቸዋል። ጨዋታው ካለፈ በኋላም ጥቂት ዶላር ተቀብለው የሚያትሙ ክለቦች አሉ። ሪከርድ የተሰበረበትን ቀን መታሰቢያ ትኬት አዘጋጅተው የሚሸጡም አሉ። ጭራሽ የማያትሙም አሉ። ስልኩን ያነሳው ሰው አይሆንም ካለሽ ከሁለት ቀን በኋላ እንደገና ደውዪ። ሌላ ሰው ያነሳዋል።

ለሚቀጥለው ደግሞ ከበሩ ጀርባ ሆኜ ያየሁትን ልንገርሽ። ወረቀት የሚከለክሉሽ ክፋት ይዟቸው አይደለም። የስልኩ ባርኮድ በየጥቂት ሴኮንዱ የሚቀያየረው ሰው ፎቶ አንስቶ ለሌላ እንዳይሸጠው ነው። በስልክሽም በወረቀትም የሚሠራ ባርኮድ ካለሽ በአንድ ወንበር ሁለት ሰው ይገባል። ይሄ በወረቀቱ ዘመን ደርሶብኛል። ሁለት ሰዎች አንድ ወንበር ላይ ደርሰው «የኔ ነው፣ የኔ ነው» ሲባባሉ እኔን ጠሩኝ። አንዱ ትኬቱን መንገድ ላይ ከማያውቀው ሰው የገዛ ኖሯል። ልጁ አብሮት ነበር። ያን ልጅ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ስለዚህ ስልትሽ እንዲህ ይሁን። በጊዜ ሂጂ፤ በሮች ሲከፈቱ ድረሺ። በስልክሽ ግቢ። ከገባሽ በኋላ የእንግዶች አገልግሎት የሚሉትን ጠረጴዛ ፈልጊ። ባርኮድሽ አንዴ ጢጥ ብሏል፤ ሞቷል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሚታተመው ወረቀት ማንንም አያስገባም፣ ማንንም አያስፈራም። «ባርኮድ ባይኖረውም ግድ የለኝም» በያቸው። ይህቺ ዓረፍተ ነገር ብዙ በር ከፍታልኛለች። እነሱ ካላተሙ ወደ ውጭው መስኮት ይመሩሻል። መስኮቱ ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ ይቀዘቅዛልና ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በኋላ ብቅ በዪ። ግን ከወጣሽ መመለስ መፈቀዱን አስቀድመሽ አረጋግጪ። እኔ ራሴ አንዴ ውጭ ቀርቼ ግማሹን ጨዋታ በድምፅ ብቻ ተከታትያለሁ። ትኬት ቀዳጅ ነበርኩ ብልም የሰማኝ የለም።

ትኬቱን ከዋናው ሻጭ ሳይሆን የሰው ትኬት አትርፎ ከሚሸጥ ድረ ገጽ ገዝተሽው ከሆነ መስኮቱ ላይ ያሉት ብዙ ጊዜ ስምሽን አያገኙትም። «የገዛሽበት ሂጂ» ይሉሻል። እዚያ ላይ አትከራከሪ።

የወረቀት ትኬት ባይገኝም ሌላ ነገር አለ። በርካታ የቤዝቦል ሜዳዎች መጀመሪያ ጊዜ ለመጣ ሰው «የመጀመሪያ ጨዋታዬ» የሚል የምስክር ወረቀት በነፃ ይሰጣሉ። ልጄ ስምንት ዓመቷ ሳለ ይዣት ሄጄ መስኮቱ ላይ ያለው ወጣት ቀና ብሎ ሳያየኝ «አናትምም» አለኝ። ልጅቷ አንገቷን ደፋች። ውስጥ ስንገባ የእንግዶች ጠረጴዛ ላይ ያለችው ሴት ስሟን ጠይቃ፣ በወፍራም ብዕር ጽፋ፣ ቀኑን ጨምራ ሰጠቻት። ስሟን ስትጽፍ አንድ ፊደል ዘለለች። ልጄ አሁን ዩኒቨርሲቲ ናት፤ ወረቀቱ ስህተቱን እንደያዘ ግድግዳዋ ላይ ነው። አባትሽም ለእንዲህ ያለው የእድሜ ገደብ የለባቸውም። ሲመለሱ ቤዝቦል ውሰጃቸው።

ጥያቄ፦ የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። በፓሪስ ኦሊምፒክ ጊዜ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር በባቡር ሄደን የወንዶች 10,000 ሜትር ፍጻሜ ስታድ ደ ፍራንስ ገብተን አየን። ትኬታችን በሙሉ በአፕሊኬሽን ነበር። ክረምት ላይ ስልኬን ቀየርኩና አፕሊኬሽኑንም አጠፋሁት። አሁን እዚያ መገኘቴን የሚያሳይ ምንም የለኝም። እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጋሉ?

መልስ፦ መጀመሪያ ልቅና። ሐምሌ 26 ቀን 2016 ዓ.ም. ማታ እኔ ሶፋዬ ላይ ነበርኩ፤ አንቺ እዚያ ነበርሽ። በሪሁ አረጋዊ 26፡43.44 ገባ። ከኋላው የመጣው አሜሪካዊ ግራንት ፊሸር 26፡43.46። ሁለት መቶኛ ሴኮንድ! ጆሽዋ ቼፕቴጊ በኦሊምፒክ ሪከርድ ወርቁን ቢወስድም እኛ ቤት የተጮኸው ለብሩ ነው።

የፓሪስ ትኬት ከመጀመሪያውም ለስልክ ብቻ የተሠራ ስለነበር መስኮት ላይ ቆመሽ ብትጠይቂም ያው ነበር። ስለዚህ የራስሽን ሥሪ። ኢሜይልሽ ውስጥ የግዢ ማረጋገጫው አለ፤ ኢሜይል ስልክ ስለተቀየረ አይጠፋም። እሱን አትሚ። ከዓለም አትሌቲክስ ድረ ገጽ የውድድሩን ውጤት አውጪና አብረሽ አትሚ። የባቡር ትኬትሽ ካለ ጨምሪ። የባንክ ሒሳብሽ መግለጫ ላይ ያን ቀን የበላችሁት ሳንድዊች ሳይቀር ተመዝግቧል። እሱንም ቆርጠሽ ብታስገቢ አልስቅብሽም፤ እኔ የራሴን የሆትዶግ ደረሰኝ አስቀምጫለሁ።

ከዚያ ባዶ ወረቀት ላይ በእጅሽ ጻፊ። የት ተቀመጥሽ? ከጎንሽ ማን ነበር? የመጨረሻው ደወል ሲመታ በሪሁ ስንተኛ ነበር? ጓደኛሽ ምን ብላ ጮኸች? በእጅሽ የጻፍሽው ከየትኛውም ባርኮድ በላይ የሚታመን ነው። አንቺ ካልነበርሽ ማን ያውቀዋል?

በነገራችን ላይ ያ ኦሊምፒክ ለኛ አንድ አስቂኝ ነገር አለው። ያገኘነው ብቸኛ ወርቅ የታምራት ቶላ ማራቶን ነው፤ ተጠባባቂ ሆኖ ሄዶ በሲሳይ ለማ ቦታ ሮጠ፣ 2፡06፡26 ገብቶ የኦሊምፒክ ሪከርድ ሰበረ። ያን ከመንገድ ዳር ቆሞ ያየ ሰው ትኬት አልገዛም፣ ሳንቲምም አልከፈለም። ከቬርሳይ መንገድ ላይ ያነሳት ጠጠር ብትኖረው ያቺ ናት ትኬቱ።

ሌላ ጊዜ እንዲህ እንዳይሆንብሽ በሩ ጋ ከመድረስሽ በፊት ስልክሽ ላይ ያለውን ትኬት ስክሪንሾት አንሺ። ለመግባት አይሠራም፤ ለማስታወስ ግን ይሠራል። ብዙ ሰው «በኋላ» እያለ ይቀራል። ትኬቱ ጨዋታው ሲያልቅ ወደ አንድ ጓዳ ይወሰድና ደብዛው ይጠፋል። አይፎን ያላችሁ ዋሌት የሚባለው አፕሊኬሽን ውስጥ ጊዜያቸው ያለፈ የሚለውን ፈልጉ፤ የረሳችሁት ሊኖር ይችላል።

ጥያቄ፦ ኢንተርኔት ላይ የጨዋታውን ስም፣ ቀንና ወንበር ስትሰጣቸው ቁርጥ የድሮ ትኬት የመሰለ ወረቀት አትመው የሚልኩ አሉ። ማጭበርበር አይሆንም?

መልስ፦ ግድግዳህ ላይ ልትሰቅለው ከሆነ አይሆንም። ጀርባው ላይ በእርሳስ «ማስታወሻ» ብለህ ጻፍበትና ተገላገል። ነገ ልጅህ ኦሪጅናል መስሎት ሊሸጠው ሲወጣ ያኔ ነው ማጭበርበር የሚሆነው። ደግሞ ገና ያልተካሄደ ጨዋታ ባርኮድ ለማንም እንዳትልክ። በደስታ ፌስቡክ ላይ ለጥፎ ወንበሩን የተነጠቀ ሰው በር ላይ ሲያለቅስ አይቻለሁ። ትልቅ ሰው ነው፣ ጢም ያለው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ትልቅ ጥፋት አጥፍቻለሁ። የዋሽንግተኑ እግር ኳስ ክለብ ዲሲ ዩናይትድ አር ኤፍ ኬ ስታዲየም ላይ የመጨረሻ ጨዋታውን ሲያደርግ ነበርኩ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 22 ቀን 2017፤ በኒውዮርክ ሬድ ቡልስ 2 ለ 1 ተሸነፍን። መስኮት ላይ የታተመ ትኬት ነበረኝ። ላቆየው ብዬ ላሚኔት የሚያደርግ ቤት ወሰድኩት። ከማሽኑ ሲወጣ እንደ ከሰል ጠቁሯል። ምንም አይነበብም። ልጁ ደንግጦ ገንዘቤን መለሰልኝ። ማዳን ይቻላል?
ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

መልስ፦ ወንድሜ፣ አይቻልም። እውነቱን ነግሬህ ልቀጥል።

መስኮት ላይ የሚታተመው ትኬት በቀለም አይታተምም። አገር ቤት ካሽ ሬጅስተር የሚያወጣውን ደረሰኝ ታውቀዋለህ? የሱ ዘመድ ነው። ወረቀቱ ላይ ሙቀት ሲነካው የሚጠቁር ኬሚካል ተቀብቷል፤ ማተሚያው ፊደሉን የሚጽፈው በሙቀት ነው። ላሚኔት ማሽን ደግሞ ከ100 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። ስለዚህ ማሽኑ ትኬትህን ዳር እስከ ዳር አንድ ትልቅ ጥቁር ፊደል አድርጎ ጻፈው። ልጁ አላጠፋም። አንተም አላጠፋህም። ማንም አልነገራችሁም።

ይሄን ነገር በደንብ ላብራራው፤ ቤታችሁ ያለውም ትኬት በዚሁ መንገድ እየሄደ ሊሆን ይችላል። ሙቀት ያጠቁረዋል። ፀሐይና አንዳንድ ፕላስቲክ ደግሞ ያደበዝዙታል። መኪና ውስጥ መስታወቱ ሥር የተቀመጠ ትኬት አንድ በጋ አይዘልቅም። ያ ለስላሳ፣ አዲስ ሲሆን የሚሸት ርካሽ የፕላስቲክ ከረጢት ፒቪሲ ነው፤ ውስጡ ያለው ማለስለሻ ቀስ እያለ ወደ ወረቀቱ ይወጣና ጽሑፉን ይበላል። ስኮች አታስነኩት፤ በተለጠፈበት በኩል ጽሑፉ ቀድሞ ይሄዳል። ከፎቶ ቤት ወይም ከቤዝቦል ካርድ ሻጮች ፖሊፕሮፒሊን ወይም ማይላር የሚባለውን ግዙ። ደረቅ ያለ፣ ድርቅ የሚል ፕላስቲክ ነው፤ ሽታ የለውም። ከጀርባው አሲድ የሌለው ወረቀት አድርጉና ጨለማ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጡት። ከዚያ በፊት ግን ዛሬውኑ በ600 ዲፒአይ ስካን አድርጉት። እኔ የእናቴን ፎቶዎች ስካን ሳላደርግ የጎርፍ ውሃ ምድር ቤቴ ገብቶብኝ ነው የተማርኩት።

ወደ አንተ ስመለስ። የጠቆረውን ትኬት እንዳትጥለው። ዲሲ ዩናይትድ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ እዚያ ተጫውቷል፤ ስታዲየሙ ራሱ እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ እዚያ ቆሞ ነበር። ኋላ አፍራሾች ገብተውበታል። ሜዳው ሲፈርስ ትኬቱ ቢጠቁር ምን ይደንቃል? እኔ ብሆን በዚያው ላሚኔቱ ውስጥ እንዳለ በፍሬም አስገባዋለሁ። ከሥሩ ቀኑን፣ ውጤቱንና «ላሚኔት አደረግኩት» የምትል አንዲት መስመር። ቤትህ የሚመጣ ሰው ሁሉ ይጠይቅሃል፣ አንተም ትስቃለህ።

ጥያቄ፦ አባቴ ባለፈው ዓመት አረፈ። ዳዊቱን ስገልጥ በገጾቹ መሀል አሥራ አንድ የአዲስ አበባ ስታዲየም ትኬቶች አገኘሁ። አብዛኞቹ የጊዮርጊስና የቡና ናቸው። አንዷ ግን የሱዳን ናት፤ ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም.። ጓደኛዬ «አሜሪካ አንድ የትኬት ቁራጭ በግማሽ ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሸጠ» ብሎ ስልኩ ላይ አሳየኝ። እውነት ነው? የአባቴስ ምን ታወጣለች?
ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ነፍስ ይማር። ጓደኛህ አልዋሸህም።

እ.ኤ.አ. ፌብሩወሪ 2022 ላይ በአንድ ሰሞን ሁለት ትኬቶች ተሸጡ። አንዱ ጃኪ ሮቢንሰን እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 1947 ብሩክሊን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰለፈበት ነው። በዘመናዊው የሜጀር ሊግ ቤዝቦል የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች እሱ ነው። የተቀደደ ቁራጭ ነበር፤ 480,000 ዶላር አወጣ። ሁለተኛው የማይክል ጆርዳን የመጀመሪያ የኤንቢኤ ጨዋታ ነው፤ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 26 ቀን 1984፣ ቺካጎ። እሱ 468,000 ዶላር አወጣ። የዚህኛውን ታሪክ ነው የምወደው። ባለቤቱ ያኔ ተማሪ ነበር። አባቱ ሁለት ትኬት አስቀመጠለት። አብሮት የሚሄድ ሰው አጣ! ብቻውን ገባ፣ ሁለተኛው ትኬት ሳይቀደድ ኪሱ ውስጥ ቀረ። ጓደኛ ማጣቱ ቤት ገዛለት ማለት ነው።

አንተ ግን ሚሊዮን አታስብ። እዚህ አሜሪካ ዋጋውን የሚሠራው የተደራጀ ገበያ ነው። ትኬቱን መርምሮ ከ1 እስከ 10 ነጥብ ሰጥቶ በጠንካራ ፕላስቲክ የሚያሽግ ኩባንያ አለ፣ ጨረታ ቤት አለ፣ ገንዘቡን ምን ላድርገው የሚል ገዢ አለ። የአባትህን ትኬት ወደዚህ ብትልከው የፖስታው ወጪ ይበልጣል። «እኔ ልግዛህ» የሚልህ ሰው ከመጣም አትቸኩል። ቸኩለህ የሸጥካትን ሁለተኛ አታገኛትም።

ያቺ ቀን ምን እንደነበረች ታውቃለህ? ያኔ ስንት ዓመትህ እንደሆነ ስላልጻፍክልኝ ልንገርህ። ዋሊያዎቹ ሱዳን ሄደው 5 ለ 3 ተሸንፈው ተመልሰዋል። አዲስ አበባ ላይ ሁለት ለባዶ ካሸነፉ ያልፋሉ፤ ድምሩ 5 ለ 5 ስለሚሆን ሰው አገር ያገቧቸው ሦስት ጎሎች ያሳልፏቸዋል። ከ31 ዓመት በኋላ የአፍሪካ ዋንጫ። አሰልጣኙ ሰውነት ቢሻው። አዳነ ግርማ አገባ፣ ሳላዲን ሰዒድ ደገመ። እኔ እዚህ ቨርጂኒያ ፓርኪንግ ውስጥ ተረኛ ነበርኩ። ወንድሜ ደወለልኝ። ምንም አላለኝም፤ ስልኩን ወደ መስኮት ይዞ ጩኸቱን ብቻ አሰማኝ። የመኪና ጡሩምባ፣ እልልታ፣ እንደገና ጡሩምባ። መኪናውን ሊወስድ የመጣው ደንበኛ ቁልፉን እየጠበቀ «ደህና ነህ?» አለኝ። እያለቀስኩ ነበር መሰለኝ።

አባትህ እዚያ ነበር። ያቺን ቁራጭ ይዞ ቤት ገባ፣ ዳዊቱ ውስጥ ከተታት።

አዲስ አበባ ስታዲየም ሄዶ የሚያውቅ ሰው ቦታው ሁሉ ስም እንዳለው ያውቃል። ካታንጋ፣ ከማን አንሼ፣ ሚስማር ተራ፣ ዳፍ ትራክ፣ ጥላ ፎቅ። እኔን አባቴ ይወስደኝ የነበረው ካታንጋ ነው። ትኬቷን ባርኔጣው ውስጥ፣ ጨርቁ ሥር ይሸጉጣት ነበር። ዝናብ ሲመጣ ባርኔጣውን ለኔ ያደርግልኝና «ትኬቷን አደራ» ይለኛል። ጨዋታው ካለቀ በኋላ ምን እንደምታደርግለት ጠይቄው አላውቅም። አንዷም አልተረፈችም። ለዚህ ነው ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ ያነበብኩት።

አሁን የምትሠራውን ልንገርህ። ትኬቷ ላይ ምንም አትጻፍባት። በሌላ ወረቀት ላይ፣ እናትህንና የአባትህን ጓደኞች ጠይቀህ ጻፍ። የት ተቀመጠ? ከማን ጋር ሄደ? ስንት ሰዓት ተሰለፈ? የጊዮርጊስ ደጋፊ ነበር ወይስ የቡና? (ከአሥራ አንዱ ትኬት አይታወቅም፤ ሁለቱም በአንድ ሜዳ ነው።) እነዚያ ሰዎች እያረጁ ነው፣ ቶሎ በል። አሥሩን በፕላስቲክ አድርግ። የሱዳኗን ግን እሱ ካስቀመጣት ገጽ ባታወጣት ደስ ይለኛል። ዳዊቱ ወረቀት ከወረቀት ጋር ነው፣ ጨለማ ነው፣ ደረቅ ነው። አባትህ ሳያጠና አውቆታል። የትኛው መዝሙር ላይ እንዳገኘሃት ብቻ መዝግብ።

ብሔራዊ ቡድናችን «የሜዳችን» የሚለውን ጨዋታ ለዓመታት ሰው አገር ሲያደርግ ኖሯል። አገር ቤት ለዋሊያዎቹ የተቆረጠ ትኬት አንተ ዘንድ አለ፤ አንተ ነህ ባለ ትኬቱ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ በ22 ዓመት ውስጥ ያያቸውን ጨዋታዎች ትኬት በሙሉ በጫማ ካርቶን አጭቆ ቁም ሣጥኔን ወርሶታል። ስድስት ካርቶን! አሁን ደግሞ የስልኩን ትኬት ሁሉ እያሳተመ ሰባተኛውን ጀምሯል። ብጥለው ኃጢአት አለው?
ከአትላንታ

መልስ፦ እመቤቴ፣ አይጣሉበት። ሰባተኛውን ካርቶን ግን መከልከል መብትዎ ነው። የስልክ ትኬት ስክሪንሾት በፎቶ ወረቀት ሲታተም አንድ አልበም ሁለት መቶውን ይችላል። አልበም ይግዙለትና ቁም ሣጥንዎን ያስመልሱ።

ስድስቱን ካርቶን ደግሞ አንድ ቅዳሜ ቡና አፍልተው አብራችሁ ዘርግፉት። የደበዘዘውን ለይቶ ስካን ያድርገው፣ ሁለት ጊዜ የታተመውን ይጣለው። እግረ መንገድዎን የወንበር ቁጥሮቹን ይመልከቱ። ተከታታይ ቁጥር ያላቸው ሁለት ትኬቶች ካገኙ ሁለተኛው ወንበር ላይ ማን እንደነበረ ይጠይቁት። እርስዎ ካልነበሩ በሚቀጥለው ወር ይጻፉልኝ።